በውሰት የተወሰደ ውሃ ልክ

ሰው ማሞገስ አይሆንልኝም። ማማቱንም ቢሆን እንደ አንዳንዶቹ አልተካንኩበትም። ስለ ኢንጂነሩ የምለውን የምለው ባየሁት ልክ ነው። የእሱን እፍረት ካወራሁ የራሴም ሳይወጣ እንደማይቀር አውቃለሁ፤ ቦታው ሲደርስ አልደብቀውም። መጀመሪያ ግን እንዴት ያለ ሰው እንደነበር ይታወቅ፤ አለበለዚያ ምን እንዳጠፋን አይገባም።

እኔ የግንባታ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬ ኩብ መስበር ነው። ኮንክሪት ሲሞላ፣ ከዚያው ከሚሞላው ላይ ትንሽ ተወስዶ ስንዝር በስንዝር በሆነ የብረት ሳጥን ውስጥ ይጠቀጠቃል። በማግስቱ ሳጥኑ ይፈታና ኩቡ ውሃ ገንዳ ውስጥ ይቀመጣል። በሰባተኛው ቀን አንዱን፣ በሃያ ስምንተኛው ቀን ሁለቱን አውጥቼ ማሽን ውስጥ አስገባና እስኪፈረካከሱ እጨምቃቸዋለሁ። ማሽኑ ቁጥር ይሰጠኛል፤ ቁጥሩን መዝገብ ላይ ጽፌ እፈርማለሁ። ኩቡ ከቻለ ቤቱም ይችላል ማለት ነው። እናቴ እስክትሞት ድረስ «ልጄን መንግሥት ድንጋይ ያሰብራታል» እያለች ለጎረቤት ስታለቅስ ኖረች፤ እስረኛ ያደረገችኝ ነው የሚመስለው።

ኢንጂነሩ ተቆጣጣሪ ሆኖ ሲመጣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ጆሮው ላይ እርሳስ የሚሰካ ቀጭን ወጣት ነበር። የመጀመሪያ ቀን ኩቦቹን ራሱ ታቅፎ መጣ። ተቆጣጣሪ ኩብ አይሸከምም፤ ሌላው ሁሉ በሹፌር ነው የሚልከው። ለምን እንደለፋ ስጠይቀው፣ ናሙናውን በገዛ እጁ ካልወሰደ ቁጥሩ የየትኛው ኮንክሪት እንደሆነ እንደማያውቅ ነገረኝ። የሚወስደውም ከመሃል ነበር። የመጀመሪያው አካፋ አሳምረው የሚያቀርቡት ነው፣ የመጨረሻውም የቸኮሉበት ነው፤ ሀቁ ያለው መሃል ነው ይል ነበር። ሲሚንቶው የሸሚዙን ደረት እያበላሸው ሚስቱ ስንት ዓመት እንደተጣላችው እሷ ትናገር።

የግንባታ ሠራተኞቹ «ጋሽ ሃያ ስምንት» ብለው ስም አወጡለት። ተቋራጭ ይመጣና የሰባተኛው ቀን ውጤት ጥሩ ስለሆነ የሚቀጥለውን ፎቅ እንጫን ይለዋል። «ሃያ ስምንት» ይላል። ክረምት ሊገባብን ነው ይሉታል። «ሃያ ስምንት።» አለቆች መጥተው ሊመርቁት ነው ይሉታል። እነሱም ሃያ ስምንት ቀን ቢጠብቁ እንደማያረጁ ይመልሳል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ኮንክሪትም እንደዚያው ነው» የሚላትን አባባል እኔ ላቦራቶሪ ግድግዳ ላይ በካርቶን ጽፌ ለጥፌያት ነበር።

ይህን ሁሉ ያስተማረው ግን ትምህርት ቤት አይደለም፤ አንድ ግንበኛ ነው። እኚህን ሰውዬ ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ኢንጂነሩ ከትምህርት እንደወጣ የመጀመሪያ ሥራው ላይ አንድን ግድግዳ በዓይኑ አይቶ «ቀጥ ያለ ነው» ሲል፣ ጋሼ ምንም ሳይናገሩ ውሃ ልካቸውን ግድግዳው ላይ ደገፉለት። የእንጨት ውሃ ልክ ነው፤ ጫፍና ጫፉ በነሐስ የተለበጠ፣ መሃሉ ላይ አረንጓዴ ውሃና አንዲት የአየር ፊኛ ያለበት፣ ከአባታቸው የወረሱት። ፊኛዋ ከመሃል ወጥታ ጥግ ቆማለች። ኢንጂነሩ ጆሮው እስኪቀላ አፈረ። ጋሼም «ዓይን ሰውን ደስ ለማሰኘት ይቸኩላል፤ ውሃ ማንንም አያፍርም» አሉት። ከዚያ ወዲያ አባትና ልጅ ሆኑ። ያም ሆኖ ውሃ ልኩን አንድም ቀን አያስነኩትም ነበር። ሚስትና ውሃ ልክ አይዋሱም እያሉ ይቀልዱ ነበር፤ በእርግጥ ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል።

ኢንጂነሩን አገር ያወቀው በአንድ ሆስፒታል ሕንፃ ምክንያት ነው። የአራተኛው ፎቅ ስድስት ምሰሶዎች ኩባቸው በሃያ ስምንተኛው ቀን ወደቀ። እኔ ነኝ የሰበርኳቸው፤ ሁለት ጊዜ ደግሜ አየሁት። ይፍረሱ ብሎ ጻፈ። ስልክ ተደወለ፣ ተለመነ፣ ተቆጡት። እሱ የራስ ቁሩን አድርጎ ምሰሶዎቹ እስኪፈርሱ አሸዋ ክምር ላይ ተቀምጦ ዋለ። ጋዜጣ አወጣው። ከዚያ በኋላ የሰፈር ሽማግሌዎች ተሰብስበው ለምክር ቤት ተወዳደርልን ብለው በሩን ቆረቆሩ። አልፈልግም ሲል ከረመና በመጨረሻ እሺ አለ። ለምርጫ ምልክቱ ምን እንደመረጠ ለመገመት ብልህ መሆን አያስፈልግም፤ ውሃ ልክ።

ጋሼም ለማንም ያላዋሱትን ያን ጊዜ አዋሱ። በየስብሰባው ይዞት እንዲወጣ ሰጡት፤ ስጦታ ሳይሆን ውሰት መሆኑን ግን ሦስት ጊዜ ነገሩት። በዚያ ሳያበቁ የሥራ ካፖርታቸውን ለብሰው ቤት ለቤት እየዞሩ «ይህ ልጅ ያላየውን አየሁ አይልም» እያሉ ቀሰቀሱለት። እኔም ፖስተር ስለጥፍ ጣቶቼ በማጣበቂያ ተጣብቀው ለሳምንት ሰው መጨበጥ አቅቶኝ ነበር። አሸነፈ። ያን ቀን ሁለታችን፣ እኔና ጋሼ፣ ልጅ እንደዳረ ወላጅ ተቃቅፈን አለቀስን።

ምክር ቤት ሲገባ መጀመሪያ ላይ ያው ሰው ነበር። ረቂቅ አዋጅ ሲደርሰው ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው በእርሳስ እያሰመረ ያነባል። አንድ ጊዜ ስለ መንገድ የወጣ ረቂቅ ላይ «በተቻለ መጠን ይራቅ» የሚል ነገር አግኝቶ ተነሣና «በተቻለ መጠን ማለት በሜትር ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀ። አዳራሹ በሳቅ አውካካ። እኛም ላቦራቶሪ ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ላይ እያየን ሳቅን፤ የእኛ ሳቅ የኩራት ነበር። ሁለተኛ ጠየቀ፣ ሦስተኛ ጠየቀ። አራተኛው ላይ ገና ሊነሣ ሲል ከኋላ ወንበር አንዱ «ሃያ ስምንት!» ብሎ ጮኸ፤ አፈ ጉባኤው ሳይቀር አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ተመልሶ ተቀመጠ። ጥያቄውን ሳይጠይቅ።

በኋላ እንደነገረኝ፣ ሕንፃ ሥር ቆሞ ያልፈራ ሰው ያን ሳቅ ፈራ። ከዚያ ወዲህ ዝምተኛ ሆነ። ከፊት ያሉት እጆች ሲወጡ የእሱም ይወጣል። «የተከበሩ» የሚለው መጠሪያ ተስማማው፣ ሸሚዙ ላይ ሲሚንቶ ጠፋ፣ የቋሚ ኮሚቴው ምክትል ሰብሳቢ ሊሆን ነው ተባለ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚሉ ሰዎች አሉ። እሱ ግን አልበላም፤ ይህን እመሰክርለታለሁ። የፈለገው እንዳይሳቅበት ብቻ ነው። ከመብላት የሚሻል ይመስላል። አይሻልም። ላለማፈር ብሎ የሚያሳፍር ሠራ።

የግንባታ ማፋጠኛ አዋጅ የሚሉት የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። አንቀጽ አርባ ሦስት፣ ንዑስ አንቀጽ ሦስት፣ ሁለት መስመር ናት። እስከ ሦስት ፎቅ ለሚደርሱ ሕንፃዎች የሰባት ቀን ውጤት በቂ ነው፤ ናሙናውንም ተቋራጩ ራሱ ያቀርባል ትላለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት የማያውቅ ሰው የጻፋት መሆን አለበት። አዋጁ በጸደቀበት ቀን ቴሌቪዥኑን እያየሁ ነበር። የምትደግፉ ሲባል የኢንጂነሩ እጅ ወጣ። ከፍ አላለም፤ ክርኑ ከጠረጴዛው አልተነሣም፤ መዳፉ ትከሻው ጋ ደርሶ ቆመ። ግን ወጣ። እኔም እሱ እጁን ካወጣ አንድ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው ብዬ ወደ ገንዳዬ ተመለስኩ።

እንግዲህ የእኔ ቦታ እዚህ ጋ ነው።

ከቤቴ ወደ ሥራ ስሄድ በማልፍበት መንገድ ላይ ባለ ሁለት ፎቅ ትምህርት ቤት ይሠራ ነበር። ጋሼ ጡረታ ከወጡ በኋላ እዚያ ዘበኛ ሆነው ተቀጥረዋል፤ ጠዋት ጠዋት በአጥሩ በኩል ሰላም እንባባላለን። አሸዋው አፈር የበዛበት፣ ስትጨብጠው እጅህን የሚያቀላ ነው። ጠጠሩ ድቡልቡል፣ ነጣ ያለ፣ ወንዝ የለሰለሰው። ጋሼ አሸዋውን እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። «ላቦራቶሪ አንቺ ስላለሽ ነው እንጂ እንቅልፍም አልተኛ» ብለውኛል አንድ ቀን። እኔም ሳቅ ብዬ አለፍኩ።

የትምህርት ቤቱ ኩቦች በሹፌር መጡ፤ በንጹሕ ሣጥን፣ ጠርዛቸው እንኳ ያልተሸረፈ። በሰባተኛው ቀን ሰበርኩ። ሠላሳ አራት አወጣ። ከዚያ አሸዋ ሃያ ቢወጣ እንኳ ተአምር ነበር። ስባሪውን አንስቼ አየሁት። ውስጡ ያለው ጠጠር ጥቁርና ሹል፣ ከድንጋይ ካባ የተፈለጠ ነው። የትምህርት ቤቱ ጠጠር አይደለም። ለኩቡ ብቻ ለብቻ የተቦካ ኮንክሪት ነው። ስባሪውን በእጄ እንደያዝኩ አለቃዬ ጋ ሄድኩ። አለቃዬ ቀና ሳይል፣ ሕጉ የመጣውን ሰብረሽ መዝግቢ ነው የሚለው፣ ከየት መጣ ብለሽ ጠይቂ አይልም አለኝ። ሕጉን ማን አወጣው? ኢንጂነሩ። እንግዲህ እኔ ከእሱ በልጬ ነው? እንዲህ ብዬ ራሴን አባበልኩና ሠላሳ አራት ብዬ ፈረምኩ። ያን ዕለት ማታ በዚያ መንገድ አልተመለስኩም፤ በሌላ በኩል ዞሬ ገባሁ። ያጠፋሁ መሆኑን እግሬ ከእኔ ቀድሞ አውቋል።

ትምህርት ቤቱ በተከፈተ በሦስተኛው ወር፣ አንድ ጠዋት ተማሪ ገና ክፍል ሳይገባ፣ የደረጃው ማረፊያ ወደቀ። ጋሼ ከሥሩ እየጠረጉ ነበር። ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ ኖሮ ደረጃው በልጆች ይሞላ ነበር እያለ ሰው ሁሉ እግዜርን አመሰገነ። ጋሼ ቀኝ እግራቸው ከቁርጭምጭሚት በላይ ተቆረጠ።

መርማሪዎች መጡ። ናሙናው ከቦታው የተወሰደ አይደለም ብለው ጻፉ፤ የተቋራጩ ፈቃድ ተነጠቀ። ላቦራቶሪው የቀረበለትን በትክክል መዝግቧልና አይጠየቅም ተባለ። አይጠየቅም። ይህን ቃል ሳነብ ከመሬት በታች የሚያስገባ ቀዳዳ ነው የፈለግኩት፤ አንድ ሰው ቢጠይቀኝ ቀለል ባለኝ።

ኢንጂነሩ ሆስፒታል ሄዶ አልጋው አጠገብ ቆመ። እኔ በር ላይ ነበርኩ። አንገቱን ደፍቶ «ጋሼ፣ ያቺን አንቀጽ አላነበብኳትም» አላቸው። ጋሼም እጁን ያዝ አድርገው መታ መታ አደረጉት። «አውቃለሁ ልጄ። ሥራ በዝቶብህ ነው። አይተሃት ቢሆን እጅህ አይወጣም ነበር» አሉት። ከዚያ ወዲያ ለጠየቃቸው ሰው ሁሉ ይህንኑ ነው የሚሉት። እግራቸውን ላሰረላቸው ሐኪም ሳይቀር። ጋዜጦቹም «ሳያነቡ ማጽደቃቸውን በግልጽ ያመኑ» ብለው አወደሱት። ሳያነብ እጅ ማውጣት ያስወድሳል፤ እዚህ ነው የደረስነው።

ሳምንት ሳይሞላ ሚስቱ በምሳ ሰዓት ላቦራቶሪ መጣች። መምህርት ናት፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም ነበር። ከቦርሳዋ ያንን ረቂቅ አዋጅ አውጥታ ገጽ ሠላሳ አንድን ገለጠችልኝ። አንቀጽ አርባ ሦስት ሥር በእርሳስ ሁለት ጊዜ ተሰምሯል። ኅዳጉ ላይ በማውቀው እጅ ጽሑፍ «28? ናሙናውን ማን ይወስዳል?» ይላል።

«ጠረጴዛውን ሳጸዳ ነው ያገኘሁት» አለችኝ። «ባቃጥለው እጄ እንቢ አለኝ፤ ባስቀምጠው ዓይኔ እንቢ አለኝ። አንቺ ጋ ይሁን።»

ወሰድኩት። ደሜ ፈልቶ ነበር። በማግስቱ በቀጥታ ምክር ቤት ቢሮው ሄድኩ። ከወንበሩ በላይ የጋሼ ውሃ ልክ በሁለት ሚስማር ተሰቅሎ ነበር፤ አቧራ የለበትም፣ ሰው ይወለውለዋል። እሱ ሻይ ይምጣልሽ ሲል ረቂቁን ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ከፍቼ ፊቱ አስቀመጥኩት። አየው። መነጽሩን አወለቀ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ያን ጊዜ እኔ ነበርኩ፤ ግን ያኔ አልታየኝም፣ ወይም እንዳይታየኝ ጮክ ብዬ ተናደድኩ።

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ» አለኝ በመጨረሻ። «የእኔ ወለምታ አይደለም። አውቄ ነው። ልነሣ አልኩ፣ ያ ሳቅ ትዝ አለኝ፣ ቀረሁ። እህቴ፣ ነገ ጋሼ ጋ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?»

ሄድን። ጋሼ ከሆስፒታል ወጥተው ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት፤ አንድ ክፍል፣ መስኮት ሥር አልጋ፣ ግድግዳው ላይ የተደገፈ ክራንች። ጫማቸው አልጋው ሥር ነበር፣ ሁለቱም እግር። አንዱ ከእንግዲህ እንደማያስፈልግ እያወቀች ልጃቸው ማውጣቱ አሳፍሯት ትታዋለች። እኔም ኢንጂነሩም ያን ጫማ ነው ስናይ የነበረው።

ኢንጂነሩ አልተቀመጠም። አንቀጿን አንብቦ እንደነበር፣ እርሳስ እንዳሰመረባት፣ እንዳይሳቅበት ብሎ ዝም ማለቱን፣ ሆስፒታል የተናገረውም ውሸት መሆኑን ተራ በተራ ነገራቸው። ከዚያ አንድ ነገር ጨመረ፤ ያልጠበቅኩት ነገር።

«እጄን ሳወጣ ራሴን ያጽናናሁት በእሷ ነው» አላቸው ወደ እኔ እያመለከተ። «ሕጉ ቢላላም ላቦራቶሪ እሷ አለች፣ እሷ ከሌላ ኮንክሪት የተሠራ ኩብ አታሳልፍም አልኩ። የእኔን ሸክም እሷ ላይ ጣልኩ። ለዚህም ነው ማፈር ያለብኝ።»

ምስጋና መሆኑ ነው። እሱ እኔን አምኖ እጁን አወጣ፤ እኔ እሱን አምኜ ፈረምኩ፤ ጋሼ ሁለታችንንም አምነው ከሥር ጠረጉ። ያን ጊዜ አፌን መክፈት ነበረብኝ። አልከፈትኩም። ወለሉን ማየት ቀጠልኩ።

ጋሼ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለን ነበር። ፊታቸው ላይ ያየሁት እፍረት ነው፤ ለጠየቃቸው ሁሉ ስለ እሱ ሲምሉ የከረሙት እሳቸው ናቸው፣ አሁን የሚያፍሩትም እሳቸው ሆኑ። በመጨረሻ ጠየቁት።

«እጅህን ያወጣኸው እዚህ ክፍል ውስጥ ነው እንዴ?»

«አይደለም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ እኔ ጋ ምን ልትሠራ መጣህ? እጅህን ባወጣህበት ቦታ ሂድና ንገራቸው። ውሃ ልኬንም መልስልኝ።»

አዋጁን የሚያሻሽለው ረቂቅ የቀረበው ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ነው። ሁሉም ነገር ለኢንጂነሩ ተመቻችቶለት ነበር። ምክትል ሰብሳቢነቱ ጸድቆለታል፤ ማብራሪያውን የሚያነበውም እሱ ነው። ወረቀቱ ላይ ንዑስ አንቀጹ «በወቅቱ ትኩረት ሳይሰጠው ያለፈ በመሆኑ» ተብሎ ተጽፎለታል። ይህን አንብቦ ቢቀመጥ ማንም ምንም አይለውም። ሚስቱ እንደነገረችኝ የኮሚቴው ሰብሳቢ ሐሳቡን ሰምተው ቤት ድረስ መጥተው፣ አንድ ሰው ራሱን ቢያዋርድ የተቆረጠ እግር አይበቅልም ብለውታል።

እኔና ጋሼ እሳቸው ክፍል ሆነን በሬዲዮ ነበር የምንሰማው። ማብራሪያውን እያነበበ መጣ፤ ያቺ ቦታ ሲደርስ ቆመ። ወረቀት ሲታጠፍ በሬዲዮ ይሰማል።

«ይህ ስሕተት ነው» አለ። «ትኩረት ሳይሰጠው አላለፈም። እኔ አንብቤዋለሁ። አደገኛ መሆኑን ከእናንተ ሁሉ በተሻለ አውቅ ነበር፤ ሥራዬ ነው። እንዳትስቁብኝ ብዬ ዝም አልኩ፣ እጄንም አወጣሁ። በዚህ ምክንያት ያስተማረኝ ሰው እግሩን አጥቷል። ሳላነብ ነው ያልኩትም ውሸት ነው። በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።»

ማንም አልሳቀም። ማንም አላጨበጨበም። አፈ ጉባኤው ጉሮሯቸውን ጠራርገው ወደ ድምፅ አሰጣጥ አለፉ፤ ማሻሻያው ጸደቀ። በዚያው ሳምንት ከምክትል ሰብሳቢነቱ አነሡት፣ በሚቀጥለው ምርጫም እሱ አልተወዳደረም፤ የሰፈር ሽማግሌዎችም በሩን አልቆረቆሩም። አንዳንዱ አሁንም መንገድ ላይ ሲያየው ያቋርጣል። ይገባዋል ወይ ብትሉኝ፣ እኔ ፈራጅ አይደለሁም። ለመፍረድ ንጹሕ እጅ ያስፈልጋል።

ጋሼ ሬዲዮውን አጠፉት። ደስ ያላቸው አይመስልም፤ ትንሽ የቀለላቸው ግን ይመስላል። ከሦስት ቀን በኋላ ኢንጂነሩ ውሃ ልኩን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሲያመጣ እኔም እዚያው ነበርኩ። ጋሼ ፈትተው አዩት፤ ጫፉን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፤ መስኮቱ ደፍ ላይ አጋድመው ፊኛዋ እስክትረጋ ጠበቁ። መስኮቱ ድሮም ጠማማ እንደሆነ ተናገሩ። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉም። ተቀመጥ ብቻ አሉት፣ ተቀመጠ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው ፈታ ብሎ ነበር።

«ከዚህ ሁሉ መሃል ሳታፍር የምትተኛ አንቺ ብቻ ነሽ ልጄ» አሉኝ።

ሻዬን ልጠጣ ብርጭቆውን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ያኔም ዝም ብል ከአለቃዬ በቀር ማንም አያውቅብኝም ነበር፤ የመርማሪዎቹ ወረቀት አይጠየቅም ይላል። ግን ጫማዎቹ አሁንም አልጋው ሥር ነበሩ።

«ኩቦቹን የሰበርኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ጠጠሩ የሌላ ቦታ ጠጠር መሆኑን በእጄ ይዤ አይቻለሁ። እርስዎ የሚጠብቁትን አሸዋ በየጠዋቱ እያየሁ ነው ሠላሳ አራት ብዬ የፈረምኩት።»

ኢንጂነሩ ቀና ብሎ አየኝ፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኑን ሰበረ። እንዴት እንዲህ ታደርጊያለሽ ለማለት እሱም እኔም ፊት የለንም። ጋሼ ውሃ ልኩን አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። አሁን ድምፃቸው የደከመ ነበር።

«አንቺስ የት ነው የፈረምሽው?»

«መዝገቡ ላይ።»

«እንግዲያው እዚያው ሂጂ» አሉኝና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

በማግስቱ ጠዋት መዝገቡን አውጥቼ ከሠላሳ አራቷ ሥር በቀይ ጻፍኩ። «ናሙናው ከቦታው እንዳልተወሰደ አይቻለሁ፤ እያወቅኩ ፈርሜያለሁ» ብዬ ስሜን ጨመርኩ። አለቃዬ አንብቦ ምነው ምን ነካሽ አለ፤ ሦስት ወር ከሥራ ታገድኩና ተመለስኩ። መዝገቡ ክፍት መደርደሪያ ላይ ነው፤ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ያን ገጽ የማሳየው ራሴ ነኝ። ዓመታት አልፈውም ፊቴ ይግላል።

ኢንጂነሩ ወደ ድሮ ሥራው ተመልሷል፤ ፀጉሩ ሸብቷል፣ ሸሚዙ ላይ ሲሚንቶ አለ። ኩቦቹን ራሱ ታቅፎ ይመጣል። ከገንዳ አውጥቼ ማሽኑ ውስጥ አስገባና ቁልፉን እጫናለሁ፤ እሱ ክንዱን አጣጥፎ አጠገቤ ይቆማል። ቁጥሩ እስኪወጣ ድረስ ዓይን ለዓይን አንተያይም።